ስምምነት ኬላ ላይ ይጽና
የአዳማና የስምጥ ሸለቆ ከተሞች የመንገድ ሰዎች ማኒፌስቶ

እኛ በአዳማ፣ በሞጆ፣ በመተሐራ፣ በመቂ፣ በባቱና በሻሸመኔ የምንኖር ሹፌሮችና ረዳቶች፣ የከባድ መኪና ባለንብረቶች፣ ትራንዚተሮች፣ ጫኝና አውራጆች፣ የቦሎቄ ነጋዴዎችና አትክልት አምራቾች ነን። የአገሪቱ ጭነት በደጃችን ያልፋል፤ እሱ ሲቆም የእኛም ቤት ይቆማል። ስለዚህ የሚከተለውን እናውጃለን።

ውል አላጣንም

አዳማን ከተማ ያደረጋት ውል ነው። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለአልፍሬድ ኢልግ የሰጡት የባቡር ሥራ ፈቃድ፣ ከጅቡቲ ተነስቶ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰውን ሐዲድ አመጣ። ሞጆና አዳማ በጣቢያቸው ዙሪያ አደጉ። ቃል ከወረቀት ወርዶ መሬት ሲነካ ምን እንደሚሠራ ለማወቅ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልገንም።

ከዚያ ወዲህም ብዙ ተፈርሟል። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ተነስቶ የአሰብ መንገድ ሲዘጋ ጭነቱ ወደ ጅቡቲ ዞረ፤ በ1994 ዓ.ም. የኢትዮጵያና የጅቡቲ መንግሥታት ስለ ወደብ አጠቃቀምና ስለ ትራንዚት ተስማሙ። ድንበር ተሻጋሪ መኪና በአንድ የሦስተኛ ወገን መድን ብዙ አገር እንዲያቋርጥ የሚያስችለው የምሥራቅና ደቡባዊ አፍሪካ የጋራ ገበያ (ኮሜሳ) ቢጫ ካርድ ስምምነት የተፈረመው በ1979 ዓ.ም. እዚሁ አዲስ አበባ ነው። አዋጅ ቁጥር 548/1999 ዕቃ በአንድ የመልቲሞዳል ውል ከውጭ አገር እስከ አገር ውስጥ ደረቅ ወደብ እንዲጓጓዝ ፈቀደ። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የአፍሪካ አህጉራዊ ነፃ የንግድ ቀጣናን ስምምነት በመጋቢት 2011 ዓ.ም. አጸደቀ። ሞያሌ ላይ የጋራ የድንበር አገልግሎት ጣቢያ በ2013 ዓ.ም. ተመረቀ።

የግንባታውም ነገር እንዲሁ ነው። የአዲስ አበባ–አዳማ ፍጥነት መንገድ፣ የሞጆ ደረቅ ወደብ፣ ኢትዮጵያና ጅቡቲ በአክሲዮን የያዙት የኤሌክትሪክ ባቡር ሁሉም አሉ። አስፋልቱም ሐዲዱም ፊርማውም እያለ መኪናው ለምን ይቆማል?

የምንቃወመው

ጅቡቲ ላይ የታሸገ፣ የኤሌክትሮኒክ መከታተያ የተገጠመለት ኮንቴይነር ከገላፊ ድንበር እስከ ሞጆ ደጋግሞ መቆሙን እንቃወማለን። ማሸጊያው ካልተነካና መከታተያው ከሠራ ጉምሩክ መኪናው የት እንዳለ ያውቃል። ከዚያ በኋላ በየመንገዱ የሚዘረጋ ገመድ ለአገር ገቢ የሚጨምረው የለም፤ ሹፌሩን ግን ሌሊት ያሳጣዋል፣ ኪሱንም ያራቁታል።

ተጠያቂ የሌለው መዘግየትን እንቃወማለን። ወደብ ላይ የቆየ ኮንቴይነር ዲመሬጅ (የመዘግየት ክፍያ) ይቆጥራል፤ የሚከፈለውም በውጭ ምንዛሪ ነው። አስመጪው ሒሳቡን ወደ ጅምላ ነጋዴው፣ ጅምላ ነጋዴው ወደ ሱቁ ይገፋዋል። መጨረሻ ላይ የሚከፍለው ሻሸመኔ ገበያ ዘይት የሚገዛ ሰውና ማዳበሪያ ከዝናቡ ቀድሞ እንዲደርስለት የሚጠብቅ የአርሲ ገበሬ ነው።

ሹፌርን እንደ ተጠርጣሪ የማየት ልማድንም እንቃወማለን። በዚህ መስመር ላይ ሕይወታቸውን ያጡ፣ ታግተው የተንገላቱ ባልደረቦች አሉን። የመንገድ ደህንነት ያልተጠበቀበት የትራንዚት ስምምነት ግማሹ አልተፈጸመም።

የምንጠይቀው

አንደኛ፣ የታሸገና ክትትል ያለው ጭነት ከድንበር እስከ መድረሻው ሳይከፈት ይለፍ። ጥርጣሬ ያለው አካል ያስቁም፤ ነገር ግን ምክንያቱን፣ ሰዓቱንና ስሙን በጽሑፍ ይስጥ። ሕጋዊ የፍተሻና የሚዛን ጣቢያዎች ዝርዝር ለሕዝብ ይገለጽ፤ ከዝርዝሩ ውጭ የሆነው ይነሳ።

ሁለተኛ፣ የኮሜሳ የትራንዚት ዋስትና ሥርዓት በጅቡቲም በሞያሌም መስመር በሙሉ ይሥራ። በሞምባሳ መንገድ ኬንያ፣ ኡጋንዳና ሩዋንዳ ይገለገሉበታል፤ አንድ ዋስትና ጭነቱን አገር ከአገር ይከተለዋል። በየድንበሩ አዲስ ዋስትና ማስያዝ የነጋዴን ገንዘብ ያለ ሥራ ማሰር ነው።

ሦስተኛ፣ የሞያሌ ጣቢያ እንደ ስሙ ይሁን። የጋራ ጣቢያ ማለት መኪናው አንዴ ቆሞ የሁለቱም አገር ሠራተኞች ጎን ለጎን ተቀምጠው የሚጨርሱለት ነው። ዛምቢያና ዚምባብዌ በ2002 ዓ.ም. ቺሩንዱ ላይ ይህን ሲጀምሩ የቀናት ጥበቃ ወደ ሰዓታት ወርዷል። በሞያሌ መኪናው ከቀኝ ነጂ አገር ወደ ግራ ነጂ አገር ይሻገራል፤ መንገዱ ይህን ያህል ከተስማማ የሁለቱ አገሮች ኮምፒውተሮች መስማማት አያቅታቸውም።

አራተኛ፣ ወደ ጅቡቲ ባዶውን የሚወርድ መኪና ይሙላ። ከወጪ ንግዱ ይልቅ የገቢ ንግዱ ስለሚበልጥ ብዙው ተሳቢ ወደቡ የሚደርሰው ያለ ጭነት ነው። የመቂ ሽንኩርት፣ የባቱ ፎሶሊያ፣ አዳማ መጋዘን ውስጥ የሚበጠረው የስምጥ ሸለቆ ነጭ ቦሎቄ ደግሞ ገበያ ይፈልጋሉ። ለሚበላሽ ምርት ቅድሚያ የሚሰጥ መስኮት በሞጆ እንዲሁም በገላፊና በደወሌ ድንበሮች ይከፈት፤ የማቀዝቀዣ ኮንቴይነር በባቡር የሚጫንበት ቋሚ ፕሮግራም ይውጣ።

አምስተኛ፣ ሹፌሩ የስምምነቱ አካል ይሁን። በጅቡቲም በኬንያም መንገድ ማረፊያ፣ ሽንት ቤት፣ ውኃ፣ ሕክምናና በሚገባው ቋንቋ አቤት የሚልበት ቦታ ያስፈልገዋል። ቢጫ ካርዱ አደጋ በደረሰ ቀን በእርግጥ እንደሚከፍል ተነግሮት ይውጣ።

ስድስተኛ፣ ሰዓቱ ይታተም። ጭነት ጅቡቲ ወደብ ከተራገፈበት እስከ ሞጆ ደጃፍ፣ ከአዳማ ከተነሳበት እስከ ሞያሌ ማዶ ስንት ሰዓት እንደፈጀ በየወሩ ይገለጽ፤ የቱ ሰዓት በጉዞ፣ የቱ በጥበቃ እንዳለቀ ተለይቶ። ሚኒስትሮች ስለ ትግበራ ሲናገሩ ይህን ሠንጠረዥ ይዘው ይምጡ።

የምንገባው ቃል

ሌላውን ስንጠይቅ የራሳችንን አንተውም። ኬላ እንዲበዛ ምክንያት የሚሆነው ኮንትሮባንድ ነው፤ ከታሸገ ጭነት ሥር ዕቃ የሚደብቅ መኪና ከእኛ ጋር ቦታ የለውም። ከተፈቀደው ክብደት በላይ አንጭንም፤ አስፋልቱ የልጆቻችን ነው። ሰነድ ሳናሟላ አንነሳም፤ «ጉዳይ እናስጨርስልህ» ለሚል ደላላ አንከፍልም። ባለንብረቶቻችን ሹፌር እንቅልፍ አጥቶ እንዲነዳ አያስገድዱም። ትራንዚተሮቻችን ዲክላራሲዮን ከመርከቡ በፊት ያዘጋጃሉ፤ የኤሌክትሮኒክ የነጠላ መስኮት አገልግሎት ለዚህ ተከፍቷል።

የምናየው

ማለዳ ባቱ ላይ የተለቀመ ፎሶሊያ በፍጥነት ሞጆ ገብቶ፣ በዚያው ቀን ማቀዝቀዣ ውስጥ ሆኖ ሐዲድ ላይ ሲወጣ እናያለን። የሻሸመኔ ነጋዴ ናይሮቢ ለሚጠብቀው ደንበኛው የሚደርስበትን ቀን ቆርጦ ሲነግረው እናያለን። የአዳማ ልጅ «አባባ መቼ ይመጣል?» ሲል እናቱ ቀኑን ስታውቅ እናያለን። ይህ አዲስ ሕግ አይጠይቅም፤ የተፈረመውን መፈጸም ብቻ ይበቃዋል።

ከዛሬ ጀምሮ

የመንግሥትን ሠንጠረዥ እስክናይ የራሳችንን እንጀምራለን። እያንዳንዱ ሹፌር የቆመበትን ቦታ፣ ሰዓት፣ ያስቆመውን አካልና የተሰጠውን ምክንያት ይመዝግብ። ደረሰኝ የሌለው ክፍያም ይጻፍ። መዝገቡ በየወሩ መጨረሻ አዳማ ላይ ተደምሮ በግልጽ ይለጠፋል፤ ቅጂው ለትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር፣ ለጉምሩክ ኮሚሽንና ለኦሮሚያ ክልል ይላካል። በቀጣዩ ወር ሰዓቱ ካልቀነሰ የትኛው ጣቢያ እንደያዘው እንናገራለን፤ ከቀነሰም የትኛው እንደሠራ በስሙ እናመሰግናለን።

የአፋር፣ የድሬዳዋ፣ የሐዋሳ፣ የዲላና የያቤሎ የመንገድ ሰዎች ሆይ፣ መዝገባችሁን ክፈቱ። የጅቡቲና የኬንያ ባልደረቦቻችን ሆይ፣ የእናንተንም ጨምሩበት። ስምምነቱ የእኛም ነው፤ አፈጻጸሙን እኛ እንቆጥራለን።