«አዲስ» ዝርያ ለማን አዲስ ነው?

የእህቴ ልጅ 13 ዓመቷ ነው። ባለፈው መስከረም ከእናቷ ጋር ወንዛዬ ፍል ውኃ ወርዳ ሳለ ጉማራ ዳር፣ አደይ አበባ ላይ ያገኘችውን ጢንዚዛ በስልክ አንስታ ላከችልኝ። ቀጠን ያለ፣ አንገቱ ሥር ብርቱካናማ፣ ክንፉ ጥቁር ነው። ከሥሩ እንዲህ ይላል፦ «ጋሼ፣ ይኼ አዲስ ዝርያ ቢሆንስ? በስሜ ይሰየምልኛል?»

ጥያቄው የልጅ ነው፤ መልሱ ግን በስልክ መልእክት የሚያልቅ አይደለም።

በመልኩ ፈረንጆች «ወታደር» ከሚሉት የጢንዚዛ ወገን ይመስላል። ስሙን ያወጡት እንግሊዞች ናቸው፤ ቀይ ለብሰው ይዘምቱ የነበሩ የድሮ ወታደሮቻቸውን አስታውሷቸው ነው ይባላል። ስሙ ወታደር ይሁን እንጂ ጥሩር የለውም። የሌላው ጢንዚዛ ጀርባ እንደ ቅርፊት ሲጠነክር የእሱ የክንፍ ሽፋን ለስላሳ ነው። አበባ ላይ ውሎ የአበባ ዱቄትና ክሽክሽ ይበላል፤ እጩ ደግሞ አፈር ውስጥ ትናንሽ ነፍሳትን እያደነ ያድጋል። ጎመን መደባችሁ ላይ ብታዩት እንግዲህ አትጨፍልቁት።

በዓለም ላይ የዚህ ወገን ዝርያዎች 5 ሺ ገደማ ተመዝግበዋል። አንዱን «አዲስ ነው» ለማለት ከሚቀርቡት ሁሉ ጋር ማስተያየት ግድ ነው፤ ለዚህ ደግሞ ፎቶ አይበቃም። ተመራማሪው ጢንዚዛውን በመርፌ ወግቶ ያደርቀዋል፤ በማይክሮስኮፕ የቀንዱን አንጓዎች ይቆጥራል፣ እግሩን ይለካል። ቁርጥ ያለው ልዩነት ብዙ ጊዜ የሚገኘው ግን በወንዱ ብልት ቅርጽ ላይ ነው (በቤተሰብ ገጽ ላይ ይህን መጻፌን አዘጋጁ ይለፉኝ)። ከዚያ የላቲን መልክ ያለው ባለ ሁለት ቃል ስም ይወጣለታል፣ መግለጫው ይታተማል፣ አንዱ ናሙናም የስሙ ምስክር ሆኖ ሙዚየም ይቀመጣል። የእንስሳት ስም በዚህ ሥርዓት የሚቆጠረው ስዊድናዊው ሊኒየስ እ.ኤ.አ. በ1758 ካሳተመው መጽሐፍ ጀምሮ ነው። በራስ ስም መሰየምን ሕጉ ባይከለክልም በባለሙያዎቹ ዘንድ ነውር ነው። ሌላ ሰው ግን ሊያከብራት ይችላል ብዬ ጽፌላታለሁ።

ይህ ሁሉ ሆኖ «አዲስ» የሚባለው ለማን ነው? እዚህ ላይ ደገዛን ማንሳት አለብኝ።

ደገዛን የጤፍ አገር ሰው ያውቀዋል። ፌንጣ መሰል ነው፤ ቀንዱ እንደ ክር የረዘመ፣ ክንፉ ግን አጭርና ለመብረር የማይረባ። የጤፉ ፍሬ ገና ወተት ሳለ ዘለላው ላይ ወጥቶ ይበላዋል። ገበሬው ስም አውጥቶለታል፣ ጠላትነቱንም ለይቶ ያውቃል። በሳይንስ መዝገብ የገባው ግን እ.ኤ.አ. በ1977 ነው። የብሪቲሽ ሙዚየም ባለሙያ የነበረው ዴቪድ ራግ ዴክቲኮይዴስ ብሬቪፔኒስ አለው፤ ሁለተኛው ቃል በላቲን «አጭር ክንፍ» ማለት ነው። በእንግሊዝኛ ደግሞ «የወሎ» ፌንጣ ይባላል። በጎንደርም በጎጃምም ስላለ «የኛስ ደገዛ?» የሚል አይጠፋም።

ታዲያ ገበሬው አስቀድሞ የሚያውቀውን ፈረንጅ በላቲን ቢጠራው ምን ተጨመረ? ብዙዎች እንዲህ ይጠይቃሉ፤ እኔ ግን የተጨመረ ነገር አለ ባይ ነኝ። ስሙ በታተመ በዓመቱ፣ በ1978፣ ባለሙያዎች ስርጭቱንና በጤፍ ላይ ያደረሰውን ጉዳት አጠኑ፤ ውጤቱም በ1980 ታተመ። ስም ባይኖረው አንዱ ወረዳ ያየውን ከሌላው ጋር ማገናኘት አይቻልም ነበር። «ፌንጣ ሰብል በላ» የሚል ሪፖርት ስለ ማን እንደሚያወራ ማን ያውቃል? በ2013 ዓ.ም. መባቻ ሰብላችንን የበላው የበረሃ አንበጣ ድንበር ተሻግሮ በነፋስ የሚመጣ ነው፤ ከሰማይ ይጠበቃል። ደገዛ ግን አይበርም። እንቁላሉ እዚያው አፈር ውስጥ ነው። አንዱን እንደ ሌላው ልከላከል ያለ ሰው ድካሙም መድኃኒቱም ከንቱ ይሆናል።

የሚከነክነኝ ሌላ ነው። እነዚህ የስም ምስክሮች አብዛኞቹ ለንደን፣ ፍራንክፈርትና ቺካጎ ናቸው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አራት ኪሎ የእንስሳት ሙዚየም አለው፤ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ቤት ውስጥ ደግሞ የክብሪት ቀፎና እርሳስ ይበቃል። ሞቶ የተገኘን ነፍሳት ስታስቀምጡ የት፣ መቼ፣ በምን ላይ እንደተገኘ በቁራጭ ወረቀት ይጻፍ። ወረቀት የሌለው ናሙና የቱንም ያህል ቢያምር ለተመራማሪ ምንም አይነግረውም።

ያለው ግን ብዙ ይናገራል። እ.ኤ.አ. በ1927 ከቺካጎው ፊልድ ሙዚየም የመጣ ቡድን ግልገል አባይ ምንጭ አጠገብ አንዲት አይጥ ያዘ፤ ጸጉሯ ጥቅጥቅ ያለ፣ በውኃ ውስጥ የምትዋኝ። በዓመቱ ዊልፍሬድ ኦስጉድ ኒሎፔጋሚስ ፕሉምቤውስ አላት። ከዚያ ወዲህ ሌላ አልተያዘችም፤ ያን ጊዜ የተያዘችበት አካባቢም አሁን ግጦሽና እርሻ ሆኗል። በ2020 በታተመ ጥናት ተመራማሪዎች ቺካጎ ካለው የራስ ቅል ላይ ከቀረ የደረቀ ሥጋ ዘረመሏን አውጥተው ዘመዶቿን ለይተዋል። ለማነጻጸር ሌላ አንድም ናሙና አልነበራቸውም።