የደጋ ዕቅድ፣ የቆላ ጉልበት

ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ርቃ፣ 2,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ተቀምጣለች። ጥቅምትና ኅዳር ላይ ሣሩ በውርጭ ነጥቶ ያድራል። ከዚያ ተነሥቶ ጣርማ በርን ያለፈ፣ ጣልያን የፈለፈለውን ዋሻ ሾልኮ ደብረ ሲናን ረግጦ ጠመዝማዛውን ቁልቁል የወረደ መንገደኛ ግን ግማሽ ቀን ሳይሞላው ካፖርቱን አውልቆ፣ የመኪናውን መስኮት ከፍቶ ሸዋ ሮቢት ይገባል። እዚህ ከፍታው 1,300 ሜትር ገደማ ነው። መንገድ ዳር ማንጎና ፓፓያ፣ ሽንኩርትና ቲማቲም ተደርድሯል፤ ከመንገዱ ወዲያ ማሽላና ማሾ ነው። የሰሜን ሸዋ ዞን መምሪያዎች ያሉት በውርጩ አገር ነው። ቀወት፣ ኤፍራታና ግድም የመሳሰሉት የይፋት ወረዳዎች ደግሞ ታች ናቸው። ዕቅድ ከላይ ይወርዳል፣ ሪፖርት ከታች ይወጣል።

የአመራር ነገር ሲነሣ ይህን የመሬት አቀማመጥ ማስታወስ ይጠቅማል። ሠራተኛ በሥራው ላይ ደኅና ሆኖ መዋሉን የሚወስነው የአለቃው ደግነት ነው ብለን ማሰብ ለምዶብናል። እኔ ከደግነቱ በፊት የማየው ትእዛዝ በሚሰጠውና ትእዛዙን በገላው በሚሸከመው ሰው መካከል ያለውን ርቀት ነው። ደግ ሰው ከሩቅ ሆኖ ሠራተኛውን ሊያደቅ ይችላል። ቁጡ ሰውም አጠገብ ቆሞ አብሮ ስለሚያልበው ብቻ ሥራውን በልክ ያደርገዋል።

በአዲስ አበባ ሆቴሎች የአመራር ሥልጠና ገበያው ደርቷል። አሠልጣኙ ስለ አዎንታዊ አስተሳሰብ፣ ስለ ሥራና ሕይወት ሚዛን ይናገራል፤ ሠልጣኙ ምሳውን በልቶ፣ ሰርተፍኬቱን ይዞ ወደ ቢሮው ይመለሳል። ሥልጠናውን አልንቅም። የማይዋጥልኝ፣ ችግሩን ሁልጊዜ ሠራተኛው ውስጥ የሚፈልገው መሆኑ ነው፦ በረጅሙ ተንፍስ፣ ስልክህን አጥፋ፣ ራስህን ውደድ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 በጸደቀው የበሽታዎች መዝገቡ ውስጥ በሥራ መዛልን ሲያሰፍር በሽታ አላለውም። ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት አለው፤ ምንጩንም በሥራ ቦታ ሳይቃለል የቆየ ጫና ብሎ ጻፈ። እንዲህ ከሆነ ደግሞ የመጀመሪያው ጥያቄ ሥራውን ማን፣ እንዴት፣ ከየት ሆኖ አዘጋጀው የሚለው ነው።

ይህን ጥያቄ በቁጥር ከመለሱት ጥናቶች ታዋቂው የተካሄደው በእንግሊዝ የመንግሥት ሠራተኞች ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 የተጀመረው የኋይትሆል ጥናት 18,000 ያህል ወንዶችን ለዓመታት ተከታተለ። በታችኛው እርከን ያሉት፣ መልእክተኞችና በር ጠባቂዎች፣ በላይኛው እርከን ካሉት በሦስት እጥፍ ያህል ይሞቱ ነበር። ሁሉም ደመወዝተኛ፣ ሁሉም ነጻ ሕክምና የሚያገኝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1985 የተጀመረውና ሴቶችንም ያካተተው ሁለተኛው ጥናት አንዱን ምክንያት አገኘው፦ በዕለት ሥራው ላይ የመወሰን ዕድል ያነሰው ሰው ለልብ ሕመም ይበልጥ የተጋለጠ ነው። ሁለተኛውን ጥናት የመሩት ማይክል ማርሞት ዕድሜያቸውን የሰጡት ለዚህ ጉዳይ ነው። ሰው ያደረ ሥራ ስላለበት ብቻ አይታመምም፤ መቼና እንዴት እንደሚሠራው ምንም ማለት በማይችልበት ጊዜ ነው ይበልጥ የሚጎዳው።

የይፋት ገበሬ ይህን ለማወቅ ለንደን መሄድ አላስፈለገውም። ቆላ ላይ ሰዓት የሚቆጠረው በጥላ ነው። የማሽላ ኩትኮታ ቀን ደቦ የጠራ ሰው እንግዶቹን ገና ጎህ ሲቀድ ማሳው ላይ ይጠብቃል፤ ጀምበር ሳትበረታ አብዛኛው መሬት መነካት አለበት። ቀትር ሲደርስ ሰው ሁሉ ቁርቁራ ሥር ይሰበሰባል። እንደ ቤቱ ጠላ ወይም ቃሪቦ ይቀዳል፣ ንፍሮው ይዘረጋል፣ ጨዋታው ይደራል። ፀሐይ ዘንበል ስትል ይነሣሉ። በዚህ መካከል የደቦ ጠሪው ሥራ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ስንት ሰው እንደሚመጣ ያሰላል፣ ጎረቤቱ ሐሙስ ደቦ ከጠራ እሱ ማክሰኞ ያደርገዋል፣ ሽማግሌውን ከጎረምሳው መስመር አያሰልፍም፣ ዜማ የሚያወጣውን ሰው ከመሐል ያቆማል። ዜማው ሲፈጥን መዶማው ይፈጥናል፣ ዜማው ሲረግብ ሰው ትንፋሽ ያገኛል። ጠሪው ራሱም መዶማ ይዞ መስመር ውስጥ ነው። ፀሐዩ የሱንም ጀርባ ስለሚጠብሰው ማረፊያ ሰዓቱን የሚነግረው ሪፖርት አያስፈልገውም። ደግሞ ነገ በወንፈል ተራው የሌላው ማሳ ላይ ይገኛል፤ ዛሬ ሰውን ያለ ልክ ያሠራ ነገ በራሱ ጉልበት ይከፍላል።

ደቦን የማነሣው ለናፍቆት አይደለም። የዓለም ሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ዘገባ፣ በሙቀት ምክንያት በ2030 በዓለም ዙሪያ ከጠቅላላው የሥራ ሰዓት 2.2 በመቶው ሊባክን እንደሚችል፣ ይህም 80 ሚሊዮን የሙሉ ጊዜ ሥራ እንደማጣት እንደሚቆጠር ገምቷል። ከፍተኛው ጉዳት የሚደርሰው ደግሞ በእርሻ ላይ ነው። መድኃኒቱ ተብለው ከሚዘረዘሩት መካከል ሥራን ወደ ማለዳ ማምጣት፣ ጥላ፣ ውኃና ዕረፍት ይገኙበታል። ቁርቁራው ሥር የነበረውን ነው ዘገባው የጻፈው። ቢሮም ቢሆን ይህን ማድረግ አያቅተውም። በድሬዳዋና በአፋር የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች በማለዳ ተከፍተው ቀትር ላይ ረዘም ላለ ሰዓት መዝጋታቸው የታወቀ ነው። የፌዴራል የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010ም የሳምንቱ ሥራ ከ39 ሰዓት እንዳይበልጥ ሲደነግግ፣ ሰዓቱ እንደ ሥራው ሁኔታ እንዲወሰን በር ከፍቶ ነበር። የትኞቹ ሰዓታት እንደሚሆኑ የሚመረጠው ግን ከላይ ነው።

አሁን ወደ ጤና ኬላ እንሂድ፤ ርቀቱ ከሁሉ ጎልቶ የሚታየው እዚያ ነውና። የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብር በ1995 ዓ.ም. ተጀመረ። ሐሳቡ ግሩም ነበር፤ አሁንም ነው። አሥረኛ ክፍል የጨረሱ ሴቶች ከየአካባቢያቸው ተመርጠው አንድ ዓመት ሠልጥነው፣ ሁለት ሁለት ሆነው በየቀበሌው ተመደቡ። ሁለቱ ወደ 5,000 ለሚጠጋ ሕዝብ ናቸው። ክትባት፣ የቤተሰብ ምጣኔ፣ የነፍሰ ጡር ክትትል፣ መጸዳጃ ቤት ማስቆፈር፣ ወባ፣ ሳንባ ነቀርሳ፣ ሥርዓተ ምግብ፤ ሲጀመር 16 ፓኬጅ ነበር፣ በኋላም እየበዛ ሄደ። የሕፃናት ሞት ቅነሳ ላይ አገሪቱ ላገኘችው ውጤት ከእነዚህ ሴቶች እግር በላይ የሚመሰገን ያለ አይመስለኝም።

ግን ስሌቱን እዩት። ሁለት ሴት ለአንድ ቀበሌ የሚለው መመዘኛ ቤቶች ተጠጋግተው ለሚታዩበት ደጋም፣ መንደር ከመንደር በወንዝና በገደል ለተለያየበት ቆላም አንድ ነው። ዕቅዱ የሚቆጥረው የተጎበኘ ቤት ነው። የተሄደውን መንገድ፣ የተሄደበትን ሰዓት የሚቆጥር ዓምድ ሠንጠረዡ ላይ የለም። ሮቢና ጀውሃ ወንዝ ክረምት ሲሞሉ ማዶ ያለው ጎጥ ከዕቅዱ አይቀነስም። የወባ ወራት መስከረም ብሎ ሲጀምር ምርመራው፣ አጎበሩ፣ የርጭቱ ቅስቀሳ ይመጣል። በዚያው ሰሞን ሌላ ዘመቻ ይታወጃል። ከዚያ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ምዝገባ አለ፤ ገንዘብ መሰብሰብ ነውና ከጎረቤት ጋር የሚያቀያይም ሥራ ነው። በዚህ ላይ ብዙዎቹ የቀበሌ ካቢኔ ስብሰባ ይጠራሉ፣ ከጤና ጋር የማይገናኝ የቀበሌ ሥራም ይሸከማሉ። ወባውን የምትከላከለው ሴት ራሷ የምታድረው እዚያው ትንኙ ባለበት ቤት ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ከጥር እስከ ጥቅምት 20 ባለው ጊዜ በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማን ተመዝግበዋል፣ ከፍተኛ ቁጥር ካላቸው ክልሎችም አማራ አንዱ ነበር። ያን ሁሉ ሰው በመጀመሪያ ያየችው ብዙ ጊዜ ይቺው ሴት ናት።

ስለ እነዚህ ባለሙያዎች የተደረጉ ጥናቶች ደጋግመው የሚያነሡት ቅሬታ የሥራ ብዛት፣ የዝውውር በር መዘጋት፣ የትምህርት ዕድል ማነስ፣ ማደሪያ ቤት ማጣት ነው። ልብ በሉ፣ ከእነዚህ ውስጥ ሥራውን ጠላሁት የሚል የለም።

በሥርዓቱ ውስጥ አለቃ ወደ ታች የሚወርድበት መንገድ አለ፤ ድጋፋዊ ክትትል ይባላል። ከወረዳ ወይም ከዞን የመጣው ቡድን ቼክሊስቱን ይዞ ጤና ኬላውን ይጎበኛል። መዝገብ ተሞልቷል? የቤተሰብ ማኅደር በሥነ ሥርዓት ተደርድሯል? ግራፉ ግድግዳ ላይ አለ? ይህ ሁሉ ተገቢ ነው። የሚጎድለው፣ ተቆጣጣሪው ከእሷ ጋር አንድ ቀን ከጠዋት እስከ ማታ ጎጥ ለጎጥ መሄዱ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ በሚያዝያ ፀሐይ አብሯት ቢሄድ፣ የቀጣዩን ሩብ ዓመት ዕቅድ ሲያወጣ እጁ ይከብደው ነበር።

ከዚያ ግምገማ ይመጣል። ግምገማ በኢትዮጵያ መሥሪያ ቤት ከሦስት ዐሥርት ዓመታት በላይ የኖረ የአመራር ዘዴ ነው፤ መካከሉ ቢዝነስ ፕሮሰስ ሪኢንጂነሪንግ፣ ቢ.ኤስ.ሲ. እና ካይዘን የተባሉ የአሠራር ማሻሻያዎች ቢፈራረቁበትም እሱ ጸንቶ ኖሯል። በጎ ጎኑ፣ አለቃም ቢሆን ሰው ፊት ይነገረዋል ነው። በተግባር ግን ጥያቄው የሚወርደው ከላይ ስለሆነ መልሱም ለላይ እንዲጥም ሆኖ ይዘጋጃል። ዕቅዱ ያልተሳካው ዕቅዱ ስለተሳሳተ ነው ብሎ የሚነሣ ሠራተኛ ብርቅ ነው፤ «የአመለካከት ችግር» የሚለው ቃል ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋልና። ስለዚህ «የክህሎት ክፍተት ነበረብኝ» ብሎ ይቀመጣል። ዝለቱ ወደ ጥፋት ተቀየረ ማለት ነው። አስተዋይ መሪ የሚለየው እዚህ ላይ ነው፤ ዘጠና በመቶ የሚል ሪፖርት ሲቀርብለት ዐሥሩን በመቶ ከመፈለግ በፊት ዘጠናው በምን ዋጋ እንደመጣ ይጠይቃል። በቁጣ የማይጠየቅ ሰው ደግሞ እውነተኛውን ቁጥር ይሰጠዋል፤ ይህ ለመሪው ራሱ ትልቅ ትርፍ ነው።

ይፋት ከተራራ ጫፍ መታዘዝን የለመደ አገር ነው። በ13ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ የወላስማ ሥርወ መንግሥት ሱልጣኔቱን የመሠረተው በዚሁ ምድር ነበር፤ በኋለኛው ዘመን ሥልጣኑ ወደ ደጋው ወጣ። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ (እ.ኤ.አ. 1813–1847) አንኮበር ላይ ሆነው ቆላውን ቁልቁል እያዩ ይገዙ ነበር። ሆኖም የቆላውን የንግድ በር ደጋ ላደገ ሹም አልሰጡትም። ያስያዙት የዚያው የወላስማ ዘር ለሆነው፣ አየሩንም ሰዉንም ለሚያውቀው ወላስማ መሐመድ ነው። (ያው ሰው የጎንቾን የመንግሥት እስር ቤት ይጠብቅ ስለነበር ታሪኩን የርኅራኄ ምሳሌ አድርጌ አላቀርበውም።) ንጉሡ የገባቸው አንድ ነገር ግን ዛሬም ይሠራል፦ ከአንኮበር ሆኖ የማይታይ ነገር አለ፤ ውሳኔውን ለሚያየው ሰው መልቀቅ ያዋጣል።

«ደመወዝ ሳይበቃ ይህ ሁሉ ምን ይረባል?» የሚል አንባቢ ትክክል ነው። በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች ሥራ እስከ ማቆም የደረሱት ጥያቄያቸው የኑሮ ስለነበረ ነው፤ ደኅና ቃል የቤት ኪራይ አይከፍልም። መልካም አመራር የደመወዝ ምትክ ተደርጎ ከቀረበ እኔም ተቃዋሚው ነኝ። ግጭትና ጦርነትም አለ። በ2013 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ የይፋቷ አጣዬ ከተማና አካባቢዋ ተቃጠሉ፣ ሸዋ ሮቢትም ከጉዳቱ አላመለጠችም። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ደግሞ የሰሜኑ ጦርነት ራሱ ሸዋ ሮቢት ገባ። ከተፈናቀለበት ተመልሶ የተሰበረ በር ከፍቶ ሥራ የጀመረ አስተማሪ ወይም ነርስ በአገሩ ጥቂት አይደለም። እንዲህ ያለው ሰው ፊት ያልተሻሻለ ዓመታዊ ዕቅድ ማስቀመጥ ምንም እንዳልሆነ መንገር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 በሥራ ቦታ ስላለ የአእምሮ ጤና ባወጣው መመሪያ ሥልጠና ለኃላፊዎች እንዲሰጥ ይመክራል፤ የበታቾቻቸውን ጭንቀት እንዲያውቁና የሥራ ጫናን እንዲያስተካክሉ። በሥልጠናው ሆቴል መቀመጥ ያለበት ማን እንደሆነ ይህ ይናገራል።

የወረዳ ኃላፊ ደመወዝ መጨመር አይችልም፣ ሰላም ማውረድም አይችልም። ሁለት ዘመቻ በአንድ ሳምንት እንዳይገጥም ማድረግ ግን ይችላል። የዓመት ፈቃድ ሲጠየቅ «ሥራ በዝቷል» ከማለት ፈቃዱን በሐምሌ ዕቅድ ውስጥ ማስገባት ይችላል። ከወንዝ ማዶ ያለውን ጎጥ ክረምት ላይ ከዕቅድ አውጥቶ በጥር ማካካስ ይችላል። ይህን ሲያደርግ ግን ከዞን «ለምን ቀነስክ?» የሚል ጥያቄ ይመጣበታል፤ ብዙዎቹ የሚያፈገፍጉት እዚህ ነው። ስለዚህ ዞኑም የሚመዝንበትን መለወጥ አለበት።

አንድ ቁጥር ልጠቁም። በየወረዳው የሰው ሀብት ክፍል ውስጥ የዝውውር ማመልከቻዎች አሉ። ምክንያቱ «በግል ችግር» ተብሎ ይጻፋል፤ የትዳር፣ የጤና፣ የወላጅ ጉዳይ ይባላል፤ ብዙውም እውነት ነው። ሆኖም ከአንድ ኃላፊ ሥር በዓመት ሦስት፣ ከሌላው ሥር ሃያ ማመልከቻ ቢገኝ ልዩነቱ በትዳር ብቻ አይገለጽም። ይህ ቁጥር በየሩብ ዓመቱ ከክትባት ሽፋኑ ጎን ይጻፍ፣ ኃላፊውም ሲገመገም ይጠየቅበት። ቁጥሩን ለማሳነስ ማመልከቻ አንቀበልም የሚል ስለማይጠፋ፣ የሚቆጠረው የተፈቀደው ሳይሆን የቀረበው ሁሉ መሆን አለበት፤ ቆጣሪውም ከወረዳው ውጭ ያለ ሰው።