ሳይከፈት የሚፈረድበት ሞተር

ከጎሃ ጽዮን ቁልቁል ወርዶ፣ ዓባይን ተሻግሮ ደጀን የሚያወጣው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከድልድዩ እስከ ደጀን አፋፍ መኪናው ከ1,000 ሜትር በላይ ሽቅብ ይወጣል። ሲሚንቶ ወይም ማዳበሪያ ጭኖ ወደ ቢቸናና ሞጣ የሚያቀና አሮጌ አይሱዙ የሚፈተነው እዚህ ዳገት ላይ ነው። ራዲያተሩ የተደፈነ፣ ዘይቱ ሳይቀየር የከረመ ከሆነ ሙቀቱ ከልክ ያልፋል፤ ዘይቱም ይቀጥናል። ያኔ ፒስተኑ ካሚቻው (የሲሊንደሩ የውስጥ ሽፋን) ውስጥ ይጣበቃል፣ አለዚያም ብሮንዚናው (ክራንክ ሻፍቱ የሚዞርበት ተሸካሚ) ተቃጥሎ ክራንክ ሻፍቱን ሰቅዞ ይይዛል። ሞተሩ ነከሰ ይባላል።

መኪናው ተጎትቶ ከተማ ሲገባ ፍርዱ ቀድሞ ይጠብቀዋል። አንዱ “ይሄ አልቆለታል፣ ሙሉ ሞተር አስመጣ” ይላል። ሌላው “ፋሻና ብሮንዚና ቀይረን እናስነሳዋለን” ይላል። ሁለቱም የሚናገሩት አንድም ብሎን ሳይፈታ ነው። በጤፍ መጫኛ ወቅት መኪናው ቆሞ፣ የብድር ክፍያ ቀኑ እየደረሰ፣ ባለመኪናው የቸኮለውን ሰው ቃል ቢሰማ አይፈረድበትም። ግን በዚያች ሰዓት የምትወሰነው ውሳኔ የአንድን ቤተሰብ መተዳደሪያ ልትበላ ትችላለች።

ሞተር አልዞር ያለ ሁሉ የነከሰ አይደለም። ሞተሪኖው ጥርሱ ተቀርቅሮ ሊሆን ይችላል። ዲናሞው ወይም የንፋስ ኮምፕሬሰሩ ደርቆም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ቺንጋው ይፈታ፣ ሞተሪኖው ይውረድ፣ ከዚያ በፑሌጃው ብሎን ላይ ቁልፍ ገብቶ በእጅ ይሞከር። አሁንም እምቢ ካለ ኖዝሎቹ ይውጡ። የቴስታታው ጓርኒሲዮን ተቃጥሎ ሲሊንደሩ ውስጥ ውሃ ከገባ ፒስተኑ ውሃውን ማመቅ ስለማይችል ሞተሩ ቀጥ ይላል፤ ኖዝሉ ሲወጣ ግን ውሃው ይፈልቃል፣ ሞተሩም ይዞራል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በአማራ ክልል ያለው ግጭት መንገዱን በየጊዜው ስለሚዘጋው ሳይነሱ የሚከርሙ መኪኖች አሉ። የእነዚህን ሞተር ብዙ ጊዜ የሚይዘው ዝገት እንጂ ቃጠሎ አይደለም።

ይህ ሁሉ ተሞክሮ ካልሆነ የዘይት ቋቱ ይወርዳል። ወተት የመሰለ ዘይት ውሃ መግባቱን ይናገራል፤ የሚያብረቀርቅ ብናኝ ደግሞ የብሮንዚናውን መጨረሻ። ቢየላ (የፒስተኑ ክንድ) ተሰብሮ ሞኖብሎኩን (ዋናውን የሞተር አካል) ከቀደደው ነገሩ ያለቀ ነው፣ ሞተር ይቀየር። ሞኖብሎኩ ደህና ከሆነ ግን ክራንክ ሻፍቱ በማይክሮሜትር መለካት አለበት። የተጫረ ክራንክ ሻፍት ቶርኖ ቤት ገብቶ በልኩ ይሞረድና 0.25 ወይም 0.50 ሚሊ ሜትር የወፈረ ብሮንዚና ይገባለታል። ከተሰነጠቀ ወይም ከሚፈቀደው በላይ ካለቀ ሌላ ይፈለጋል። ፒስተንና ፋሻ፣ ካሚቻ፣ የዘይት ፖምፓ አብረው ይታያሉ። ብዙ ጊዜ የሚዘለለው የዘይት መተላለፊያውንና የዘይት ማቀዝቀዣውን ማጠብ ነው። እዚያ የቀረ የብረት ብናኝ አዲሱን ብሮንዚና በወራት ውስጥ ይበላዋል፤ ወቀሳው ግን ለዕቃው ይተርፋል።

ከአዲስ አበባው ሶማሌ ተራ የሚገዛው ያገለገለ ሞተር ፈጣን መፍትሔ መሆኑ አይካድም። ችግሩ ታሪኩ አለመታወቁ ነው። ያለ ጭነት ተነስቶ ድምፁ ያማረ ሞተር ዳገት ላይ ምን እንደሚሆን ገዢው የሚያውቀው ከከፈለ በኋላ ነው። የአይሱዙ ኤንፒአር 66 እና 71 ሞተሮች ሁለቱም ባለ አራት ሲሊንደር ናቸው፣ ከውጭም ይመሳሰላሉ። የመጀመሪያው ግን 4.3 ሊትር፣ ሁለተኛው 4.6 ሊትር ነው፤ የሲሊንደራቸው ስፋትም 112 እና 115 ሚሊ ሜትር ነው። ይህን ያላጣራ ሰው በኋላ ፒስተን ሲገዛ የማይገጥም ዕቃ ይዞ ይመለሳል። የሞተር ቁጥሩም ሊብሬው ላይ ከተጻፈው ይለያል፤ የጉምሩክ ሰነድ የሌለው ሞተር ቦሎ ሲታደስ ሌላ መከራ ያመጣል።

ማደስን የሚያስመርጥ ሌላም ምክንያት አለ። የብር ምንዛሪ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በዓመቱ ከ130 ብር አለፈ። ከዚያ በፊት የ2012ቱ የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገለ ተሽከርካሪ ማስገባትን አክብዶት ነበር። እጅ ላይ ያለ አሮጌ መኪና ዋጋው የጨመረው በዚህ ነው። አሮጌ መኪና እየታደሰ ለረጅም ጊዜ እንደሚሠራ የጭነት መኪናው ፊያት 682 ኤንትሬ ቀድሞ አሳይቷል። የ682 ዓይነት ከ1952 እስከ 1988 እ.ኤ.አ. ተመርቷል፤ ኤንትሬዎቹ በኢትዮጵያ መንገድ ላይ ለአሥርት ዓመታት የሠሩት ሞተራቸው እየተከፈተ፣ እየተለካ፣ እየታደሰ ነው።

ስለዚህ ይህ ዓምድ ለማደስ ያደላል፤ ሞኖብሎኩ ካልተቀደደ፣ ክራንክ ሻፍቱም ከሚፈቀደው ልክ ካልወጣ። ሞተሩን የገደለው ምክንያት ግን ከመኪናው ጋር እንዳለ ነው። ራዲያተሩ ሳይጠረግ፣ የውሃ ፖምፓውና ቴርሞስታቱ ሳይታዩ የተተከለ ሞተር፣ የታደሰም ይሁን የተገዛ፣ የቀደመውን መንገድ ይከተላል።

ከጋራዦች የሚጠበቅ አንድ ነገር አለ፤ ወረቀት። የክራንክ ሻፍቱ፣ የካሚቻውና የሞኖብሎኩ ልኬት በቁጥር ተጽፎ፣ የፋብሪካው ልክ አጠገቡ ሰፍሮ፣ መካኒኩ ፈርሞበት ለባለመኪናው ይሰጥ። ከባሕር ዳር ወይም ከአዲስ አበባ ሁለተኛ ባለሙያ ማማከር የፈለገ ባለመኪና የነከሰ ሞተር ጭኖ መዞር አይኖርበትም፤ ወረቀቱን ፎቶ አንስቶ መላክ ይበቃዋል።