ዕጣው ለሰው ሳይሆን ለሰፈር ይውጣ!

የመሬት መንቀጥቀጥ በተነሳ ቁጥር ወሬው ሁሉ ስለ ህንጻ ነው። ብረቱ ስንት ቁጥር ነው? ኮንትራክተሩ ሲሚንቶ አጉድሎ ይሆን? ጥሩ ጥያቄዎች ናቸው። እኛ ግን ዛሬ ብዙም የማይጠየቀውን እንጠይቃለን። ቤቱ ከፈረሰ በኋላ የተረፈው ሰው የት ያድራል? ከማን ጋርስ ያድራል?

«መጀመሪያ ጣሪያ ይገኝ እንጂ ከማን ጋር ምን አገባን?» የምትሉ ካላችሁ የኮቤን ነገር ስሙን።

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 17 ቀን 1995፣ ገና ሳይነጋ፣ ይህችን የጃፓን ከተማ ምድር ለ20 ሰከንድ ያህል ናጣት። ከ6,400 በላይ ሰው ሞተ። 300,000 ያህል ሰው ቤቱን ጥሎ ወጣ። መንግስት እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም፤ በወራት ውስጥ 48,000 የሚሆኑ ጊዜያዊ ቤቶች ተሰሩ። በቁጥር ካያችሁት ድል ነው።

ጉዱ የመጣው ከአሰጣጡ ነው። ቤቶቹ የታደሉት በዕጣ ሲሆን ቅድሚያ የተሰጠው ለአረጋውያንና ለአካል ጉዳተኞች ነበር። ከዚህ የበለጠ ፍትህ ከየት ይመጣል? ነገር ግን ሰፊ ባዶ ቦታ የተገኘው ከተማው ዳር እና ባህር ተደልድሎ በተሰራ መሬት ላይ ነበር። አብሮ የኖረው ጎረቤት አንዱ ወዲያ ሌላው ወዲህ ተበተነ። አቅመ ደካሞቹ ከማያውቋቸው አቅመ ደካሞች ጋር ተሰለፉ። ከዚያ ሰዎች በየክፍላቸው ብቻቸውን ይሞቱ ጀመር። አስከሬናቸው ከቀናት በኋላ የተገኘም አለ። ጃፓኖች ለዚህ ስም አላቸው፤ «ኮዶኩሺ»፣ የብቸኝነት ሞት። የመጨረሻዎቹ ነዋሪዎች በ2000 እስኪወጡ ድረስ በነዚህ ቤቶች ብቻቸውን ሞተው የተገኙት ከ200 በላይ ናቸው። እነዚህን ሰዎች መንቀጥቀጡ አልገደላቸውም። ከመንቀጥቀጡ ተርፈው ነበር።

ጃፓኖች ግን ተማሩበት። በ2004 ናዳና መንቀጥቀጥ ያማኮሺ የተባለችውን ተራራማ መንደር ሲያፈርሳት፣ 2,000 የሚሆኑ ነዋሪዎቿ ናጋኦካ ከተማ ውስጥ ጊዜያዊ ቤት ሲሰጣቸው በየመንደራቸው፣ ጎረቤት ከነጎረቤቱ እንዲሰፍሩ ተደረገ።

ይህን የምናወራው ስለ ጃፓን እውቀታችንን ልናሳይ አይደለም። በ2024 መጨረሻና በ2025 መጀመሪያ ፈንታሌ አካባቢ ምድር ስትናጥ አዲስ አበባ ፎቅ ላይ ያለን ሁላችን ተሰምቶናል። ደረጃውን ስንት ስንት እየዘለልን እንደወረድን እናውቃለን። አፋርና ኦሮሚያ ውስጥ ደግሞ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከቀያቸው ተነስተዋል። ከተማችን የተቀመጠችው ስምጥ ሸለቆው አፋፍ ላይ ነው።

ዕጣን በተመለከተ ደግሞ ለኛ ማን ያስተምረናል? ኮንዶሚኒየም በዕጣ ሲወጣ፣ ሰፈር ሲነሳ፣ የስንት ዘመን ዕድር እንደ ጉም ሲበተን አይተናል። ነገ አደጋ ቢመጣ የሚቀናን እሱው ይመስለናል፤ ስም ዝርዝር፣ ዕጣ፣ ቆርቆሮ፣ ቀጣዩ!

«ዕጣ ከቀረ ዘመድ ያለው ይወስደዋል» ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፣ ስጋቱ የኛም ነው። እንግዲያው ዕጣው ይኑር፤ ግን ለሰው ሳይሆን ለሰፈር ይውጣ። የትኛው መንደር የትኛው ሜዳ ላይ እንደሚሰፍር ዕጣ ይወስን። እማማ ቅድሚያ ያግኙ፤ ግን ቡና የሚያጣጧቸውን ጎረቤቶች ይዘው ይግቡ። አንድ ቀን በራቸው ሳይከፈት ቢውል «ምነው ዛሬ?» ብሎ የሚያንኳኳ ሰው ይኑራቸው።

ለዚህ አዲስ መስሪያ ቤት አያስፈልግም። ዕድር አለን። ድንኳን አለው፣ ወንበር አለው፣ ብረት ድስት አለው። አባላቱን ከነቤተሰባቸው መዝግቦ ይዟል። ለቅሶ ሲሆን በአንድ ሰዓት ውስጥ ድንኳን የሚተክል ተቋም በአደጋ ጊዜ እቅድ ውስጥ ስሙ ሊነሳ አይገባም ትላላችሁ?

የምንጠይቀው ትንሽ ነው። እያንዳንዱ ቀበሌ፣ እያንዳንዱ የኮንዶሚኒየም ሳይት ከነዕድሩ ይጻፍ። ከጎኑ የሚሰፍርበት ሜዳ ይጻፍ። መቼ ወደ ቋሚ ቤት እንደሚመለስም ይጻፍ፤ ቀን ያልተቆረጠለት ጊዜያዊ ቤት ጊዜያዊ አይደለም። ይህ ሁሉ ደግሞ ምድር ጸጥ ባለችበት በዚህ ሰዓት ይጻፍ። ከተንቀጠቀጠች በኋላ ለመጻፍ የሚረጋ እጅ አይገኝም።