በአሮጌ ብር ላይ የማተሚያ ስሕተትንና ጕዳትን ስለ መለየት

በአባቶቻችን ሣጥን ውስጥ የተቀመጠው ጠገራ ብር መገበያያነቱ ከቀረ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ ነገር ግን ውርስ በሚከፈልበትና ጥሎሽ በሚቈጠርበት ቀን እንደገና ከሣጥኑ ይወጣል። በዚያን ጊዜ በወንድማማች መካከል ክርክር የሚያነሣ ነገር አለ። ይኸውም በብሩ ላይ የሚታየው ጕድለት ከማተሚያ ቤቱ የመጣ ነውን፥ ወይስ በኋላ በሰው እጅ የደረሰበት ነው? የሚለው ነው። የማተሚያ ስሕተት የሆነውን ሰብሳቢዎች ዋጋ ጨምረው ይፈልጉታል፤ የተጐዳው ግን ዋጋው ይወርዳል። ይህን ያልተረዳ ቤተ ሰብ ሲሸጥ ብርቁን በርካሽ ይሰጣል፥ ሲገዛም የተሞረደውን እንደ ብርቅ ይቀበላል።

በሰቆጣና በኒሯቅ፥ በዋግም አገር ሁሉ አሞሌ ጨው ገንዘብ በነበረበት ዘመን ነገሩ ቀላል ነበረ። አሞሌው ቢሰበር ወይም እርጥበት ቢበላው ዓይን ያየዋልና ዋጋው ወዲያው ይቀንሳል። ብር ግን ሁለት ታሪክ አለው፤ አንዱ በማተሚያው ሥር የተጻፈ፥ ሁለተኛው በገበያና በአንገት ላይ የተጻፈ ነው።

አስቀድሞ፥ ስሕተት ያልሆነውን ስሕተት ከማለት መጠንቀቅ ይገባል። ንግሥት ማሪያ ትሬዛ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1780 ዐረፈች፤ ከዚያ በኋላ በቪየና፥ በሮማ፥ በለንደንና በሌሎችም ከተሞች የታተመው ብር ሁሉ ያንኑ 1780 ይዞ ወጣ። ስለዚህ የሉሉ ቍጥር ወይም የንስሩ ላባ ከብር ወደ ብር ቢለያይ የማተሚያዎቹ ልዩነት እንጂ ስሕተት አይደለም። በዳግማዊ ምኒልክም ብሮች በአንዳንዱ የአንበሳው ግራ እግር፥ በሌላው ቀኝ እግሩ ተነሥቶ ይታያል፤ ሁለቱም ታስበው የተሠሩ ናቸው። 1936 ዓ.ም. የተጻፈበት ሃያ አምስት ሳንቲምም በመጀመሪያ ጠርዙ ክብ ነበረ፤ አታላዮች ብር እየቀቡ እንደ ሃምሳ ሳንቲም ስላሳለፉት ጠርዙ ሞገድ እንዲሆን ተደረገ። እንግዲህ ይህን ሞገድ አይቶ የተበላ ሳንቲም ነው የሚል ሰው ይሳሳታል።

እውነተኛውን ስሕተት ከጕዳት ለመለየት የሚከተለውን መመልከት ይበቃል።

የማተሚያው ቅርጽ የተሰነጠቀ እንደ ሆነ ብሩ በስንጥቁ ውስጥ ስለሚገባ ከፍ ያለ፥ ክር የመሰለ መስመር ይወጣል። በቢላዋ ወይም በምስማር የተጫረው ግን ወደ ውስጥ የጐደጐደ ነው፤ በግራና በቀኙም የተገፋ ብር ይታያል። ብዙ እጅ ያሻሸው እንደ ሆነ የተገፋው ይጠፋል፥ ጐድጓዳው ግን ይቀራል።

ጠርዙ ጨረቃ መስሎ የጐደለ ብር ሲገኝ፥ ትይዩ ያለውን ጠርዝ መመርመር ነው። ብሩ ሳይታተም ከዝርግ ብር ላይ ክብ ሆኖ ሲቈረጥ፥ ስለቱ በቀድሞው ቀዳዳ ላይ ቢያርፍ ጕድለት ይኖረዋል፤ እንደዚህ ባለው ላይ ብዙ ጊዜ የትይዩው ጠርዝ ደብዛዛ ነው። በሞረድ የተበላ ግን ትይዩው ደኅና ሆኖ፥ በተበላው ቦታ ፊደሎቹ ድንገት ተቈርጠው ይቀራሉ።

መልበስ ከከፍታው ይጀምራል፤ አስቀድሞ የንግሥቲቱ ጕንጭና ጠጕር፥ የአንበሳውም ጋማ ይላላጣል። ይህ የዕድሜ ምልክት ነው እንጂ የማተሚያ ድካም አይደለም። በጠገራ ላይ የሚገኘው ቀዳዳም ለአንገት ጌጥ የተበሳ ነው፤ ማንጠልጠያው ቢነቀል እንኳ የተበየደበት ቦታ ከራሱ በላይ ጠቍሮ ይታያል። ፊደል ጥንድ ሆኖ ቢታይም፥ ሁለቱም ከፍ ብለው ሙሉ መሆናቸውን ማየት ነው፤ አንዱ እንደ ደረጃ ተጨፍልቆ ከተገኘ ማተሚያው ሲመታ ስለ ተንቀሳቀሰ የወጣ ነው እንጂ የቅርጹ ጥንድነት አይደለም።

ሚዛንም ይረዳል። ደኅና ጠገራ 28.07 ግራም ያህል ይመዝናል፥ ከ1000 እጅም 833ቱ ጥሩ ብር ነው፤ በአገራችንም አንድ ወቄት በዚሁ ብር ክብደት ይለካ ነበር። ነገር ግን የለበሰም የተሞረደም ይቀልላልና ሚዛን ብቻውን ዳኛ ሊሆን አይችልም። ጠርዙን በዓይን ማየት ያስፈልጋል።

የቤት እመቤቶቻችንንም አንድ ነገር እንለምናለን። ብር ጠቈረ ብሎ በአመድና በሎሚ መፋቅ ይቅር፤ ፍቀቱ ራሱ ጕዳት ነውና፥ ለመርማሪውም ምልክቱን ያጠፋበታል። በንጹሕ ጨርቅ ለየብቻው ጠቅልሎ፥ የማን እንደ ነበረና ከማን እንደ ተወረሰ በወረቀት ጽፎ አብሮ ማስቀመጥ ይሻላል።

የአያት አንገት ጌጥ የነበረ የተበሳ ብር በሰብሳቢ ዘንድ ዋጋው ቢያንስም፥ በልጆች ዘንድ ክብሩ አይቀንስም። ብቻ ቀዳዳውን የማተሚያ ስሕተት ነው ብሎ የሚሸጥ ነጋዴ ቢመጣ፥ ወይም ብርቁን ብር የተበላሸ ነው ብሎ ከእኅቱ ድርሻ የሚያጐድል ወንድም ቢነሣ፥ ብሩን ወደ ብርሃን አዙሮ ጠርዙን ማሳየት ነው። በሽማግሌ ፊትም ቢሆን ብሩ ራሱ ይመሰክራል።