ዕዳን መፍራትና በካርድ መግዛት

በዋሽንግተንና በአካባቢዋ ከሚኖሩት ወገኖቻችን ብዙዎቹ፣ በኢንተርኔት ዕቃ ሲገዙ ክሬዲት ካርድን ሸሽተው ዴቢትን የሚመርጡት፣ ዕዳን አጥብቆ ከሚጸየፈው አስተዳደጋችን የተነሣ ይመስለኛል፤ ዳዊት በ14ኛው መዝሙሩ አራጣ የማያበድረውን ከጻድቃን ወገን መቁጠሩን በሕፃንነቱ ያጠና ሰው፣ በወለድ የሚያበድር ባንክ የሰጠውን ካርድ ይዞ ገበያ መውጣት ሕሊናውን ቢከብደው አይደንቅም። ይህን ፍርሃት አከብረዋለሁ፤ ሆኖም ሻጭና ገዢ ሳይተያዩ በሚገበያዩበት በዚህ ዘመን፣ በእርሱ ጥሪታቸውን ሊጠብቁ የተነሡትን ሰዎች ለባሰ ጉዳት ሲዳርጋቸው ማየት ያሳዝነኛል።

በዴቢት የሚከፈለው ንዋይ፣ የቤት ኪራዩና አገር ቤት ላለች እናት የሚላከው ተቀላቅሎ ከተቀመጠበት ሒሳብ ወዲያው ተቀንሶ ይሄዳል፤ በክሬዲት የሚከፈለው ግን የወሩ ቢል መጥቶ እስኪከፈል ድረስ የባንኩ ገንዘብ ነው። የአሜሪካ ሕግም ይህን ለይቶ ይመለከታል። የክሬዲት ካርድ ባለቤት ያለ ፈቃዱ ለወጣ ገንዘብ ከ50 ዶላር በላይ እንዳይጠየቅ ተደንግጓል፤ ለዴቢት እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣው ሕግ ግን፣ ካርዱ የተሰረቀበት ሰው ይህን ባወቀ በ2 የሥራ ቀን ውስጥ ለባንኩ ካላስታወቀ ተጠያቂነቱ እስከ 500 ዶላር እንዲደርስ፣ የሒሳብ መግለጫው ተልኮለት 60 ቀን ዝም ካለ ደግሞ ከዚያ ወዲያ ለሚደርሰው ስርቆት ወሰን እንዳይኖረው አድርጓል። እርግጥ የካርድ ድርጅቶች በፈቃዳቸው ከዚህ የሰፋ ከለላ ይሰጣሉ፤ ነገር ግን ባንኩ መርምሮ ገንዘቡን እስኪመልስ ድረስ የቤቱ አከራይ አይታገሥም።

ከስርቆቱ ይልቅ አዘውትሮ የሚያጋጥመው የተከፈለበት ዕቃ ሳይደርስ መቅረቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣው የክሬዲት ሕግ፣ ገዢው ክፍያው የታየበት የመጀመሪያ ቢል ከተላከ በ60 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ቢያመለክት፣ ክርክሩ እስኪፈጸም ድረስ የተከራከረበትን ገንዘብ ሳይከፍል እንዲቆይ ፈቅዶለታል፤ በ1978ቱ ሕግ ግን የዕቃ አለመድረስ ባንኩ መርምሮ እንዲያርማቸው ከተዘረዘሩት ስሕተቶች አንዱ አይደለም። ገንዘቡን ከፍሎ ደጅ የሚጠናና ገንዘቡን ይዞ የሚሟገት ሰው፣ ጉዳያቸው አንድ ቢሆንም ጉልበታቸው እኩል አይደለም።

ስለዚህ ዕዳን የሚፈራ ሰው በክሬዲት ይግዛ፤ ነገር ግን ሙሉው ቢል በቀጠሮው ቀን ከሒሳቡ እንዲከፈል አስቀድሞ ይዘዝ፤ እንዲህ የሚያደርግ በግዢው ወለድ አይቈጠርበትም። ቢሉን እያቈራረጠ የሚከፍል ግን፣ በዓመት ከመቶ ሃያ የሚያልፍ ወለድ ስለሚጠብቀው፣ ካርዱን ባይነካው ይሻለዋል፤ እንዲህ ያለው ሰው ለኢንተርኔት ግዢ ብቻ የሚሆን ትንሽ ገንዘብ የሚያስቀምጥበት ሌላ ሒሳብ ከፍቶ በዚያኛው ዴቢት ይገበያይ፤ ኪራይ የሚከፈልበትን ሒሳብ ካርድ ቁጥር ግን ለማንኛውም የኢንተርኔት ሻጭ አይስጥ።