ጥለቱ ነጩን እንዳያበላሽ
(ለቤት እመቤቶች)



«ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚለው ተረት በየቤቱ የታወቀ ነው። ለጥምቀት የተሰፋው ቀሚስ ከበዓሉ በኋላ ታጥቦ ሲሰጣ የቀዩ ጥለት ቀለም ወደ ነጩ ሸማ ተሰራጭቶ መገኘቱም እንደዚሁ የታወቀ ነው። በዚህ ጊዜ የምትወቀሰው አጣቢዋ ናት፤ ከደመወዟ የሚቆረጥባትም አለች። ነገሩ በጥንቃቄ ሲመረመር ግን ጥፋቱ ብዙ ጊዜ ከእጇ ሳይሆን ከክሩ ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ ቀለም ለምን እንደሚለቅ ማወቅ ልብስን ከመበላሸት፣ ሰውንም ያለ በደሉ ከመወቀስ ያድናል።

እ.ኤ.አ. በ1856 ዊልያም ፐርኪን የተባለ የ18 ዓመት ወጣት በለንደን ከድንጋይ ከሰል ቅጥራን ሐምራዊ ቀለም ካገኘ ወዲህ፣ በፋብሪካ የሚሠሩ ቀለሞች በዓለም ሁሉ ተሰራጭተዋል። ከእነዚህም አንዳንዶቹ በጥጡ ላይ የሚያርፉት በቀላሉ ስለ ሆነ ውኃ ሲነካቸው ይለቃሉ። እ.ኤ.አ. በ1956 ደግሞ ከጥጥ ጋር በኬሚካዊ ማሰሪያ የሚዋሐዱ ቀለሞች ለገበያ ቀረቡ። ነገር ግን እነዚህም ቢሆኑ ክሩ ከተነከረ በኋላ በሚገባ ካልታጠበ፣ ሳይዋሐድ የቀረው ትርፍ ቀለም በክሩ ላይ ይቆያል፤ በመጀመሪያው እጥበትም ይወጣል። ይልቁንም ቀይ፣ ጥቁርና ጥቁር ሰማያዊ የሆኑትን መጠርጠር ይገባል።

ይህ ችግር በቀሚስና በነጠላ ብቻ የሚወሰን አይደለም። በመርካቶ ያለው የጭድ ተራ ስም ፍራሽ በጭድ ይሞላ የነበረበትን ዘመን ያስታውሰናል። በዚያ ፍራሽ ላይ የሚደረበው ቡልኮ፣ ጋቢ፣ ወይም ከቁርጥራጭ ጨርቅ እየተደረተ በእጅ የሚሰፋው ድሪቶ ነበር። ከእናት ወይም ከአያት የተረፈ እንዲህ ያለ ልብስ በብዙ ቤት ሣጥን ውስጥ ይገኛል፤ አንድ ጊዜ ከተበላሸም በገንዘብ አይተካም። ድሪቶ በተለይ አስቸጋሪ የሚሆነው ቀለማቸው ልዩ ልዩ የሆኑ ጨርቆች በአንድነት ስለ ተሰፉበትና ወፍራም በመሆኑም ቶሎ ስለማይደርቅ ነው። እርጥብ ሆኖ በቆየ መጠን ቀለሙ ከአንዱ ጨርቅ ወደ ሌላው ለመሄድ ጊዜ ያገኛል።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት መፈተን ይገባል። ከጥለቱ ጫፍ ወይም ከስፌቱ ውስጥ ጥቂት ክር ቆርጣችሁ፣ ሙቅ ውኃና ጥቂት ሳሙና ባለበት ብርጭቆ ውስጥ ለግማሽ ሰዓት አቆዩት። ከዚያም እርጥቡን ክር በነጭ የጥጥ ጨርቅ ላይ አኑራችሁ አድርቁት። ውኃው ቢቀላ፣ ነጩ ጨርቅ ግን ባይነካ፣ በብዙ ውኃ ማጠብ ይበቃል። ነጩ ጨርቅ ከተበከለ ግን ብርቱ ጥንቃቄ ያስፈልጋል።

የአስተጣጠቡም ሥርዓት እንደሚከተለው ነው።

1ኛ/ ልብሱን ለብቻው፣ በሰፊ ሳፋ፣ በብዙ ቀዝቃዛ ውኃ እጠቡ። ውኃው ጥቂት ከሆነ የወጣው ቀለም ተመልሶ ነጩን ይይዛል።

2ኛ/ ሳሙናውን አስቀድማችሁ በውኃው ሟሙት እንጂ ጥለቱን በሳሙና አትሹት። አያቶቻችን ሸማ ያጥቡበት የነበረው እንዶድም አረፋ የሚሰጥ መልካም ማጠቢያ ነው። ነገር ግን እጣቢውን ወደ ወንዝ አታፍስሱ። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በዐድዋ ሴቶች በእንዶድ ከሚያጥቡበት ሥፍራ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው ያገኙ ሲሆን፣ እንዶድ ለዓሣም መርዝ ነው።

3ኛ/ ልብሱን ዘፍዝፋችሁ አትሂዱ፤ እያገላበጣችሁ ቶሎ አጥባችሁ፣ ውኃው እስኪጠራ ድረስ ደጋግማችሁ አለቅልቁ።

4ኛ/ አትጠምዝዙት። በደረቅ ፎጣ ጠቅልላችሁ ውኃውን አስመጥጡት።

5ኛ/ ነጠላውን በገመድ ላይ ከመካከሉ አጥፋችሁ፣ ጥለቱ በሁለቱም በኩል ወደ ታች እንዲንጠለጠል ስቀሉት፤ ውኃው ወደ ታች ሲወርድ ቀለሙን ከነጩ ያርቀዋልና። ሁለቱ ጫፎችም አይነካኩ። ጥለቱ ከደረት እስከ እግር የሚወርድ ቀሚስ ሲሆን ግን፣ በፊቱና በጀርባው መካከል ነጭ ጨርቅ አግብታችሁ አጋድማችሁ በጥላ አድርቁት።

ቡልኮና ድሪቶ ክረምት ካለፈ በኋላ፣ ፀሐይና ነፋስ ባለበት ቀን በማለዳ ቢታጠቡ ይመረጣል። አዲስ ድሪቶ የምትሰፋ ሴት ደግሞ እያንዳንዱን ጨርቅ ከመስፋቷ በፊት ለየብቻው አጥባ ውኃው ሲጠራ ብትሰፋው፣ ከመከላከያው ሁሉ የበለጠውን አደረገች ማለት ነው።

ብዙዎች ጨውና ኮምጣጤ ቀለምን ያጸናሉ ብለው ያምናሉ። ጨው ጥጥ በሚነከርበት ጊዜ ቀለሙ ወደ ክሩ እንዲገባ ይረዳል፤ በእጥበት ጊዜ ግን ቀለሙን አያስርም። ኮምጣጤም የሚረዳው ሱፍና ሐር በሚነከሩባቸው ቀለሞች ነው እንጂ ለጥጥ አይጠቅምም። በረኪናም ጥለቱን ያደበዝዛል፤ ጥጡንም ያሳሳል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ቀለሙ ነጩን ቢነካ፣ በመጀመሪያ ልብሱ እንዳይደርቅና ካውያ እንዳይነካው ተጠንቀቁ፤ ካደረቀና ከተተኮሰ በኋላ ማስለቀቁ እጅግ ይከብዳል። ልብሱ ጥጥ ከሆነ፣ ትልቅ በርሜል ወይም ሳፋ በሙቅ ውኃ ሞልታችሁ፣ ፈሳሽ ሳሙና ጨምራችሁ፣ ልብሱን ፈጽሞ እስኪሰጥም ድረስ አስጥማችሁ አሳድሩት። ቀድሞ ሙቅ ውኃንና መዘፍዘፍን ከልክለን አሁን ማዘዛችን እርስ በርሱ የሚጋጭ አይደለም፤ በፊት ቀለሙ እንዳይወጣ ፈለግን፤ አሁን ግን ልቅ የሆነው ሁሉ ወጥቶ በብዙው ውኃ ውስጥ እንዲቀር እንፈልጋለን። በማግሥቱ ውኃው ቀልቶ ከተገኘ፣ በአዲስ ውኃ እስኪጠራ ድረስ ይደገማል።

በመጨረሻም፣ ልብሱን ለአጣቢ ስትሰጡ የፈተናችሁትን ንገሩ፤ «ይህ ጥለት ይለቃልና ለብቻው ይታጠብ» የሚል አንድ ቃል ይበቃል። ሳይነገራት የሆነውን በእርስዋ ላይ መቁጠር ግን ፍርድ ማጉደል ነው።